መርፌዋ መሃል ላይ ስትቆም

(በድሬዳዋ ከተማ ለምህንድስና ተማሪዎችና መምህራን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረው ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ የቀረበ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከሐረርና ከአካባቢው በዚህ ሙቀት መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ምድር፣ ልጆቼ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች ፊት ቆሜ ስለ ሙያዬ መናገር ለእኔ ትልቅ ክብር ነው።

አብራሪ አይደለሁም። 31 ዓመት የሠራሁት በምድር ላይ ነው። በአውሮፕላን የተጓዛችሁ ሰዎች፣ ለማረፍ ስትቃረቡ በመስኮት ብትመለከቱ፣ በብዙ ማረፊያዎች ከማኮብኮቢያው ዳር ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ምሰሶ፣ ከሥሩም አንዲት ትንሽ ቤት ታያላችሁ። ማንም ልብ አይላትም። የእኔ ዕድሜ ያለቀው በዚያች ዓይነቷ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያች ቤት የሚወጣው ምልክት ደመና ውስጥ የገባውን አውሮፕላን እጁን ይዞ ወደ መሬት የሚያወርደው ነው።

ዛሬ ስገባ አንዲት ተማሪ በሩ ላይ አስቁማኝ፣ «አባባ፣ አብራሪው ደመና ውስጥ ሆኖ ምን አይቶ ነው የሚወርደው?» አለችኝ። የማታው ንግግሬ በሙሉ ለእሷ የሚሰጥ መልስ ነው። ሦስት ነገሮችን አነሳለሁ፤ ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያሳስት፣ ከስሕተቱስ ምን እንደሚጠብቀን። መካከለኛው ላይ ብቆይ አትፍረዱብኝ፤ የመጣሁት በእሱ ምክንያት ነውና።

እንግዲህ የመጀመሪያው። በሙያው ቋንቋ አይ ኤል ኤስ፣ ማለትም በመሣሪያ የማሳረፊያ ሥርዓት የምንለው መሣሪያ ሁለት ምልክቶችን ይልካል። አንደኛው ሎካላይዘር ይባላል፤ አንቴናው ከማኮብኮቢያው ማዶ ጫፍ በስተኋላ ተተክሎ፣ ከ108 እስከ 112 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል እየሠራ፣ ለአብራሪው «ወደ ግራ ሄደሃል፣ ወደ ቀኝ ሄደሃል» ይለዋል። ሁለተኛው ግላይድ ፓዝ ነው፤ ቅድም ካነሳሁት ቀይና ነጭ ምሰሶ ላይ ሆኖ፣ ከ329 እስከ 335 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል፣ «ከፍ ብለሃል፣ ዝቅ ብለሃል» ይለዋል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ብልሃት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ድምፆችን ተሸክሟል፤ አንዱ በሰከንድ 90 ጊዜ፣ ሌላው 150 ጊዜ የሚርገበገብ። በግላይድ ፓዙ ለምሳሌ፣ አውሮፕላኑ ከትክክለኛው መስመር በላይ ከሆነ የ90ው ድምፅ ይበረታል፤ ከመስመሩ በታች ከሆነ የ150ው ይበረታል፤ መስመሩ ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዜሮ ሲሆን በአብራሪው ፊት ያለችው መርፌ መሃል ላይ ትቆማለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መርፌዋ መሃል ላይ ቆመች ማለት ምን ማለት ነው? አውሮፕላኑ ትክክለኛው መስመር ላይ ነው ማለት ነው? ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። አይደለም፣ ልጆቼ። መርፌዋ መሃል ላይ ቆመች ማለት ሁለቱ ድምፆች እኩል ናቸው ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈውን ትርጉም የምንሰጣት እኛ ነን። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እገባለሁ፤ የምጀምረው ግን ከአውሮፕላን ሳይሆን በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ካለው ከደንገጎ ቁልቁለት ነው።

አባቴ ከሐረር ድሬዳዋ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ፊያት ኤንትሬ። ልጅ ሳለሁ አንድ የክረምት ሌሊት አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። ደንገጎ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ። የደንገጎን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የራስን መኪና አፍንጫ የማያሳይ ጉም ነው። ከፊታችን ሌላ የጭነት መኪና ነበር፤ አባቴ የእሱን የኋላ ቀይ መብራት ተከትለው፣ ቀስ እያሉ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ። ረዳታቸው ግን በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ዝናቡ ፊቱን እየመታው፣ ኩርባዎቹን ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። እኔ ልጅ ነኝና ለምን እንደሚቆጥር አልገባኝም። ድንገት፣ «ጋሼ፣ ያቁሙ! ያቁሙ አቦ! እዚህ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መብራቱ ግን ቀጥ ብሎ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ፍሬኑን ረገጡ። ረዳቱ ወርዶ በእጁ የመኪናውን አፍንጫ እየዳበሰ ወደ ፊት ሄደና ተመለሰ። ቀይ መብራቱ የተበላሸ መኪና መብራት ነበር፤ ሾፌሩ ከመንገዱ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ አቁሞት ነበር። እኛ ስንከተለው የነበረው መኪና መቼ ከዓይናችን እንደጠፋ፣ በእሱ ፈንታ ይሄኛውን መብራት መቼ እንደያዝን ማናችንም አላወቅንም።

ያ መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ አባቴ ያቆሙ ነበር። ጨለማ ማንንም አያሳስትም፤ ጨለማ ሰውን ያቆማል። ሊገድለን የነበረው የበራው መብራት ነው።

አሁን ከደንገጎ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2000 የኤር ኒውዚላንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 176 ሰዎችን ይዞ፣ በሌሊት፣ ወደ ሳሞአዋ ዋና ከተማ አፒያ፣ ፋሌኦሎ ወደሚባለው ማረፊያ ይቃረብ ነበር። አብራሪዎቹ የሚገባቸውን ሁሉ አድርገዋል። ምልክቱን ያዙ፤ መርፌዋ መሃል ላይ ገባች፤ መሣሪያው ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ ባንዲራ አልወጣም። አውሮፕላኑ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፤ መርፌዋም ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ነገር ግን የመንደር መብራቶች ባልተጠበቁበት ቦታ ታዩ፤ የርቀት መለኪያው የሚለውና የከፍታ መለኪያው የሚለው አልገጥም አላቸው። ማረፉን ትተው ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥተው ተነሱ። በዚያች ቅጽበት አውሮፕላኑ ከ400 ጫማ ባነሰ ከፍታ ላይ ነበር፤ ማኮብኮቢያው ደግሞ ገና 6 የባሕር ማይል ገደማ ይቀረው ነበር። 6 የባሕር ማይል 11 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ያህል ርቀት ላይ ሊኖረው የሚገባው ከፍታ ወደ 1,900 ጫማ ነበር። ከበታቹ ያለው መሬት ሳይሆን ባሕር ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ፊዚክሱን አስተውሉ። የግላይድ ፓዙ ምልክት በሁለት ክፍል ይላካል። አንዱ ክፍል 90ውንና 150ውን እኩል አድርጎ ይሸከማል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ እንደየቦታው አንዱን አጉልቶ ሌላውን ቀንሶ፣ ላይና ታችን የሚለየው ነው። አፒያ ላይ የመጀመሪያው ሲላክ ሁለተኛው ጎድሎ ነበር። ስለዚህ ሰማዩ በሙሉ እኩል ሆነ። የትም ብትሄዱ፣ ከፍ ብትሉ፣ ዝቅ ብትሉ፣ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ መርፌዋም መሃል ላይ ናት። «ትክክል ነህ» የሚለው ንባብና «ምንም አላውቅም» የሚለው ንባብ አንድ ዓይነት ሆኑ።

ግን እንዲህ ያለ ብልሽት ሲደርስ መሣሪያው ራሱን እንዲያጠፋ አልተሠራም ወይ? ተሠርቷል! በየማስተላለፊያው አጠገብ የገዛ መሣሪያውን ቃል የሚያደምጥ ሞኒተር አለ። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ምልክቱ ከተፈቀደለት ወሰን ከወጣ፣ በአንደኛው የአገልግሎት ደረጃ ግላይድ ፓዙ በ6 ሰከንድ፣ ሎካላይዘሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ዝም ማለት አለባቸው፤ እይታ እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን በሚያገለግለው በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ጊዜው 2 ሰከንድ ነው። አፒያ ላይ ግን ማስተላለፊያው ሞኒተሩን በሚያልፍ ሁኔታ፣ ማለትም ባይፓስ ላይ ቀርቶ ነበር። ለቁጥጥር ማማው የመሣሪያውን ሁኔታ የሚያሳየው ገመድም በግንባታ ሥራ ተጎድቶ ስለነበር፣ ማማው ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው ነገር አልነበረውም።

ባይፓስ የምትለዋን ቃል ስሰማ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት፣ በአገራችን ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ ወጣት ቴክኒሽያን ነበርኩ። ለሳምንት ያህል ያለማቋረጥ ዘንቦ ነበር። የግላይድ ፓዙ አንቴና ከፊቱ ያለውን ሜዳ እንደ መስታወት ይጠቀምበታል፤ ምልክቱ በከፊል የሚሠራው ከመሬቱ ላይ ነጥሮ በሚመጣው ሞገድ ነው። ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ፣ ሣሩም ጉልበት ሲደርስ መስታወቱ ይለወጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ሞኒተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ሦስት ጊዜም መሣሪያውን አጠፋው። ሦስቱንም ጊዜ መልሼ አበራሁት። ስልኩ ጠራ፤ «አውሮፕላን እየመጣ ነው፣ ደመናው ዝቅ ብሏል፣ ምን ሆናችሁ ነው?» ተባልሁ። ደነገጥሁ። ቁልፏን ወደ ባይፓስ አዞርኳት። ጩኸቱ ቆመ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ለስልኩም «ተስተካክሏል» ብዬ መለስኩ።

ተስተካክሏል! ምኑን ነው ያስተካከልኩት?

አለቃዬ የገቡት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እኔን አላዩኝም፤ ቀጥ ብለው ያዩት ቁልፏን ነው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ማስተላለፊያውን አጠፉት፤ ስልኩን አነሱና «ግላይድ ፓዙ ከአገልግሎት ውጭ ነው» አሉ። ከወዲያ በኩል ሰውየው ሲቆጣ ይሰማኛል። እሳቸው ያንኑ ቃል ደግመው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ እጄን ይዘው ዝናቡ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ አወጡኝ። ጎንበስ ብለው እርጥቡን ሣር በእፍኛቸው ነጩና መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ልጄ፣ የቆመው ችግሩ ነው ወይስ ጩኸቱ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ከዞረ በኋላ ደመናው ሲገለጥ በዓይን እያየ በሰላም አረፈ። ሜዳው ላይ ቆሜ ሲያርፍ አየሁት። በየመስኮቱ የሰው ፊት ይታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ አውሮፕላን እየመጣ ያቺን ቁልፍ አልነካሁም።

ምልክቱን የሚያበላሸው ግን የቴክኒሽያን እጅ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ፍጹም ጤነኛ ሆኖም ምልክቱ ሊታጠፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2011 ሙኒክ ላይ አንድ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 በራሱ መሣሪያ እየተመራ ሲያርፍ፣ ከፊቱ የተነሳው ሌላ አውሮፕላን በሎካላይዘሩ አንቴና ፊት በማለፉ ምልክቱ ተዛባ፤ ትልቁ አውሮፕላንም ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣሩ ውስጥ ገባ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። የአየሩ ሁኔታ ያን ያህል ከባድ ስላልነበረ ማማው የአንቴናውን ቀጣና ባዶ አላደረገም፤ አብራሪዎቹም በራስ ሰር መሣሪያ እንደሚያርፉ ለማማው አላሳወቁም ነበር። እኛ አገርም የሣር ማጨጃ ትራክተር፣ የጥበቃ መኪና፣ ከአጥር ያለፈ ከብት በዚያ ቀጣና ሲገባ፣ ለተራው ሰው ምንም አይመስለውም። እረኛውን «ከዚህ ሂድ» ስንለው በክፋት የምናባርረው ይመስለው ነበር፤ ቁጭ ብለን ስናስረዳው ግን ከእኛ በላይ ጠባቂ የሆነልን እረኛ አውቃለሁ።

ሌላም አለ። ከእውነተኛው የ3 ዲግሪ መውረጃ በላይ፣ በተፈጥሮው ምክንያት ምልክቱ ሐሰተኛ መስመሮችን ይፈጥራል። ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 አይንድሆቨን ላይ ከመስመሩ በላይ ሆኖ የቀረበ ቦይንግ 737 እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ምልክት ይዞ፣ ራሱን የሚነዳው መሣሪያ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ አፍንጫውን ወደ ላይ አቀናው፤ አብራሪዎቹ ደርሰው ባያድኑት ኖሮ ፍጥነቱን አጥቶ ይወድቅ ነበር።

የጉዋሙን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1997 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 801 በሌሊት፣ በዝናብ፣ ጉዋም ደሴት ላይ ሊያርፍ ሲቃረብ ኮረብታ መታ። ከ254 ሰዎች 228ቱ አለቁ። የዚያ ማረፊያ ግላይድ ፓዝ ለጥገና ጠፍቶ ነበር፤ መጥፋቱም አስቀድሞ ለአብራሪዎች ተነግሯል። ሆኖም አብራሪዎቹ ክፍላቸው ውስጥ «ይሠራል፣ አይሠራም» እያሉ ሲጠያየቁ ድምፃቸው ተቀድቷል። በዚያ ላይ የርቀት መለኪያው የተተከለው ማኮብኮቢያው ላይ ሳይሆን ከሱ 3.3 ማይል ርቆ፣ ኮረብታው ላይ ነበር፤ ስለዚህ ዜሮ ማይል የሚለው ማረፊያውን ሳይሆን ኮረብታውን ነው። በምድር ያለው ዝቅ ያለ አውሮፕላን ሲያይ ተቆጣጣሪውን የሚያስጠነቅቀው ሥርዓትም እንዳይናገር ተደርጎ ተዘግቶ ነበር፤ ያለቦታው እየጮኸ ስላስቸገረ። ልጆቼ፣ እኔ ያዞርኳት ቁልፍ ትዝ አለቻችሁ? ስለጮኸ ዘጉት። እኔም ስለጮኸ ዘጋሁት።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። የሚጠብቀን ምንድን ነው? ልዩ መሣሪያ የጫነ አውሮፕላን በየጊዜው እየበረረ ምልክቱን ከሰማይ ይመረምራል። ሎካላይዘሩ በሞርስ ፊደል የራሱን መለያ ይጠራል፤ ጥገና ላይ ሲሆን መለያው እንዳይሰማ ይደረጋል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ግላይድ ፓዙ የራሱ መለያ ድምፅ የለውም፤ የሎካላይዘሩን መለያ የሰማ አብራሪ ስለ ግላይድ ፓዙ ጤንነት ምንም አልሰማም። አውሮፕላኑ ውስጥ «ከመስመሩ በታች ነህ» ብሎ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም የሚያዳምጠው ያንኑ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ከዋሸ እሱም ዝም ይላል። ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ ሁለት ምስክሮች በዳኛ ፊት እንደ ሁለት አይቆጠሩም፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሌላ ምንጭ ያለው መሆን አለበት። በ3 ዲግሪ መውረጃ ላይ ለእያንዳንዱ የባሕር ማይል ወደ 300 ጫማ ይወረዳል። 4 ማይል ሲቀር 1,200 ጫማ፣ 6 ማይል ሲቀር 1,800 ጫማ፤ የማረፊያው ከፍታ ሲደመርበት። ይህ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚያባዛው ቁጥር ነው! የእኛ የድሬዳዋ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,800 ጫማ በላይ ስለሆነ፣ 4 ማይል ሲቀረው የከፍታ መለኪያው 5,000 ገደማ ማንበብ አለበት። 4,200 ካነበበ መርፌዋ የፈለገችውን ትበል፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል። አፒያ ላይ 176 ሰው ያዳነው ይኸው ማባዛት ነው። የአባቴ ረዳት ኩርባ መቁጠሩም ይኸው ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ጂፒኤስ አለ» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል ያቋረጠው የጂፒኤስ ምልክት በመታወኩ ነው፤ በዚያ ማረፊያ አየር መንገዱ ይጠቀምበት የነበረው አቀራረብ በጂፒኤስ ላይ የተመሠረተ ነበር። ስለዚህ ያቺ ከማኮብኮቢያው ዳር ያለች ትንሽ ቤት ሥራዋ ገና አላለቀም። ሣር የሚያጭድላት፣ ውሃ የሚያፋስስላት፣ ሞኒተሯ ሲጮኽ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች። ከዚህ አዳራሽ ሁለት ሦስት ልጆች ወደዚህ ሙያ ቢመጡ እኔ ደስተኛ ሽማግሌ ነኝ። እለምናችኋለሁ፣ አስቡበት።

አለቃዬ በዚያ ዝናባማ ቀን የመሣሪያውን መዝገብ ከፍተው የጻፉትን ልንገራችሁና ልጨርስ። እኔ ስሜ ይጻፋል፣ እቀጣለሁ ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። እሳቸው የጻፉት ሰዓቱን፣ «ጠፍቷል» የሚል ቃልና «ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ ሣር ይታጨድ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ የራሳቸውን ስም ፈረሙ፤ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝና «አንተም ፈርም፤ አብረን ነው ያጠፋነው» አሉኝ። በማግሥቱ ማጭድ ይዘን ሜዳው ላይ የወጣነው ሁለታችን ነበርን።

ስላዳመጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን መድረኩ የጥያቄ ነው፤ በሩ ላይ ያስቆመችኝ ልጅ ቀድማ እጇን አውጥታለች፤ ማይኩን ለእሷ ስጧት።